የሕፃናት ደም የመሰከረው፦ ቢጫ ወባ በኦሞ ዳርቻ

እ.ኤ.አ. በ1940 መገባደጃ፣ ጦርነቱ ምሥራቅ አፍሪካን ባመሰበት ወቅት፣ በሱዳን የኑባ ተራሮች ሰው በድንገት መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ ትኩሳት፣ የራስና የወገብ ሕመም፣ ትውከት ይመጣል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሕመሙ ለቀቅ ሲያደርግ ቤተሰብ ተመስገን ይላል። ብዙዎቹ በዚያው ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በማግስቱ ዓይናቸው ቢጫ ይሆንና ከድድና ከአፍንጫቸው ደም እየፈሰሰ፣ ጥቁር እያስመለሳቸው ይሞታሉ። የወረርሽኙ መዝገብ ከ15 ሺሕ በላይ ታማሚዎችንና ከ1,500 በላይ ሟቾችን ይቆጥራል። እስከዚያ ድረስ ቢጫ ወባ በወረርሽኝ መልክ የሚታወቀው በምዕራብ አፍሪካና በአሜሪካ አህጉር ነበር። ኑባ ላይ ከታየ ግን ከዚያ በስተምሥራቅ ያለው የኢትዮጵያ ደንና ቆላ ምን ዋስትና አለው የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ጥያቄውን ለመመለስ መሣሪያው በቅርብ ተገኝቶ ነበር። የሮክፌለር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1936 በኡጋንዳ፣ በኢንቴቤ ከተማ፣ የቢጫ ወባ ምርምር ተቋም ከፍቷል። ከዚያ የተነሡት ተመራማሪዎች በማዕከላዊና በምሥራቅ አፍሪካ መንደር ለመንደር እየዞሩ ደም ይሰበስቡ ነበር። ምርመራው ዛሬ ለሚያየው ሰው አድካሚ ነው። ደሙ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከላይ የሚቀረው ቢጫማ ውኃ ተቀድቶ ከቫይረሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ድብልቁ በነጭ አይጦች ላይ ይወጋል። አይጦቹ ከሞቱ የደሙ ባለቤት በሽታውን አያውቀውም። በሕይወት ከቆዩ ግን ያ ሰው አንድ ቀን ቢጫ ወባ ይዞት፣ ታምሞም ይሁን ሳያውቀው፣ ድኗል ማለት ነው። ከዚህ በሽታ የዳነ ሰው መከላከያውን እስከ ዕድሜ ልኩ በደሙ ይዞ ይኖራል።

ትልቁ ዘዴ ያለው ግን ከአይጡ ይልቅ በዕድሜ ላይ ነው። የ50 ዓመት ሰው ደም ውስጥ መከላከያ ቢገኝ በሽታው የያዘው አምናም ሊሆን ይችላል፣ የዛሬ 40 ዓመትም። የ6 ዓመት ልጅ ደም ውስጥ ከተገኘ ግን ቫይረሱ በእነዚያ 6 ዓመታት ውስጥ በዚያ መንደር አልፏል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከምንም በላይ የሚፈልጉት የሕፃናትን ደም ነበር። ልጆቹ ነጻ ሆነው ትልልቆቹ መከላከያ ካላቸው ወረርሽኙ የድሮ ነው፤ ልጆቹም ካላቸው በሽታው እዚያው አለ። ኢንቴቤ ላይ በዚህ መንገድ የተሠራው የማዕከላዊና የምሥራቅ አፍሪካ ካርታ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። ወረርሽኝ ታይቶባቸው በማያውቁ ብዙ አገሮች ቫይረሱ በዝምታ እንደሚዘዋወር ያሳየው ይኸው ሥራ ነው።

እንዴት ይዘዋወራል ለሚለው መልሱ የመጣው በምዕራብ ኡጋንዳ፣ በኮንጎ ድንበር ላይ ካለችው የብዋምባ ቆላ ነው። አሌክሳንደር ሃዶውና ባልደረቦቹ በትልልቅ ዛፎች ላይ የእንጨት መደብ ሠርተው፣ ሌሊቱን በሙሉ በየሰዓቱ ትንኝ እየያዙ ይቆጥሩ ነበር። ከዚያም የደኑን ሕግ አገኙት። ኤዴስ አፍሪካነስ የምትባለው ትንኝ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከዛፉ አናት ላይ ትነሣለች፤ በዚያው ሰዓት ጦጣዎች ለመተኛት እዚያው ይሰፍራሉ። ቫይረሱ ከጦጣ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ጦጣ እየተመላለሰ ሰው ሳያውቀው ይኖራል። ጦጣ ሙዝ ሊሰርቅ ወደ እርሻ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ትንኝ፣ ኤዴስ ሲምፕሶኒ፣ ትነድፈዋለች። እሷ የምትራባው በሙዙ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውኃ ሲሆን፣ ሰውንም በቀን ትነድፋለች። በሽታው ከደን ወደ ቤት የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ጥናት ያነበበ ሰው የኢትዮጵያን ደቡብ ምዕራብ ቢያይ የሚደነግጥ ይመስለኛል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከዚያም በደቡብ በቱም በኩል እስከ ማጂ ድረስ ያለው አገር ለዚህ ቫይረስ የተዘጋጀ ቤት ነው። ጉሬዛው በቡናው ጥላ ዛፍ ላይ፣ ዝንጀሮው በማሳው ዳር፣ ሙዝና ጎደሬው በጓሮ፣ እንሰቱ በቤቱ ዙሪያ። አንድ እንሰት ቀርባችሁ ብትመለከቱ ሰፊው ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጎድጎድ ያለ ኪስ አለ። ዝናብ አንድ ጊዜ ከጣለ ያ ኪስ ውኃ ይቋጥራል፤ ፀሐይ በቀላሉ አያደርቀውም። ቅጠሉን በእጅ ገለጥ አድርጎ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ላየው፣ በዚያች ውኃ ውስጥ የትንኝ እጮች ወደ ላይና ወደ ታች ሲወራጩ ይታያሉ። ጎደሬም እንደዚሁ ነው። አንድ ቤተሰብ በጓሮው ብዙ እንሰት ቢኖረው፣ እንሰቱን ካልቆረጠ በቀር ሊያፈስሰው የማይችል ብዙ የትንኝ መራቢያ አለው ማለት ነው። እንሰቱን መቁረጥ ደግሞ ልጆቹን ማስራብ ነው። የበሽታው ጭካኔ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያጠቃው ቤተሰቡ የሚበላውን ተገን አድርጎ ነው።

በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺሕ ያህሉን ገደለ። የጤና ሠራተኛው ሁሉ አእምሮ ወባ ላይ ነበር። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚያ በኋላ ወዲያው ነው። በገጠር ትኩሳት ያለበት ሰው ወባ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነ የወፍ በሽታ ይዞታል ይባላል። ሁለቱ ባንድ ላይ በአንድ ሰው ሲታዩ ሦስተኛ በሽታ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠይቅ በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። በጊዜው ከጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ የወጡት የመጀመሪያዎቹ የጤና መኮንኖችም ለሰፊው አገር በቁጥር እጅግ ያንሱ ነበር።

በዚህ መሐል በምዕራብ ድንበር፣ በኩርሙክና በአሶሳ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ቢጫ ወባ ታየ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1953 ዓ.ም.፣ በኦሞ ሸለቆ ሰው መሞት ጀመረ። ያ ዓመት የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ስለ ቤተ መንግሥቱ ስታወራ፣ ከኦሞ ግራና ቀኝ ያሉት ቆላዎችና ወይና ደጋዎች ባልታወቀ በሽታ መታመስ ጀምረው ነበር። ከከተማው በዚያን ያህል የራቀ ሞት ወሬው የሚደርሰው በበቅሎና በእግር ነው።

ወረርሽኙ እስከ 1955 ዓ.ም. ድረስ ቀጠለ። በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ይኸው የኢትዮጵያው ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በሚኖርበት አካባቢ ከ100 ሺሕ እስከ 200 ሺሕ የሚሆኑ ታመው፣ ከ15 ሺሕ እስከ 30 ሺሕ የሚሆኑ እንደሞቱ ይገመታል። የግምቱ ስፋት ራሱ ስለ ዘመኑ ይናገራል፤ 15 ሺሕ ነፍስ በአንድ ግምትና በሌላው መካከል ጠፍቷል። በከፋ ጠቅላይ ግዛትም ሆነ በገሙ ጎፋ የመንደር ሞት የሚጻፍበት መዝገብ አልነበረም፤ ከሕፃናት ሞት ይልቅ የአዋቂው ሞት ይወራ ነበርና በዚያ ጉድለት ውስጥ ከሁሉ በላይ የተደበቁት ልጆች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በሽታው ዓመት በዓመት በሚዞርባቸው ቦታዎች፣ ትልልቆቹ በልጅነታቸው ይዟቸው ስለዳኑ ይቋቋሙታል፤ የሚሞቱት በአብዛኛው ሕፃናት ናቸው። በኦሞ ዳርቻ ግን መከላከያ ያለው ሰው ከሞላ ጎደል አልነበረም። አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ እኩል ተጋለጡ። ገበሬው ሲወድቅ ማሳው ያድራል፤ እናት ስትሞት የምታጠባው ሕፃን በበሽታው ባይያዝም ሁለተኛው ሟች እሱ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የሞቱት ልጆች ቁጥር በየትኛውም የቢጫ ወባ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም።

ምርመራውን የመራው በአዲስ አበባ የነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ቻርል ሴሪዬና የሥራ ባልደረቦቹ፣ አንድራል፣ ፑዋሪዬ፣ ሌንድሬክና ኔሪ፣ ወደ ቦታው ወርደው ሰውንም ትንኙንም የዱር እንስሳውንም መረመሩ። ደም ሰበሰቡ፤ ጦጣና ዝንጀሮ መረመሩ፤ ከእንሰትና ከጎደሬ ቅጠል ብብት እጭ እየቀዱ አሳደጉ፤ ከትንኞች ቫይረስ ለዩ። የኡጋንዳው ሕግ እዚህም ሠራ፤ ደን ውስጥ ኤዴስ አፍሪካነስ፣ ቤት አካባቢ ኤዴስ ሲምፕሶኒ። የሙዙን ሥራ እዚህ የሠራው በዋናነት እንሰት ነበር። (ዛሬ ሳይንቲስቶች ሲምፕሶኒ የተባለችው አንድ ዝርያ ሳትሆን እርስ በርስ የምትመሳሰል ቤተሰብ መሆኗን አረጋግጠዋል፤ ሰውን የምትነድፈው አባሏ ኤዴስ ብሮሜሊዬ ትባላለች።)

ክትባት ተሰጠ፤ ወረርሽኙም ቆመ። ክትባቱን የፈለሰፈው ደቡብ አፍሪካዊው ማክስ ታይለር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተሠራው 17ዲ የተባለው ዘሩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ታይለርም እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ቢጫ ወባን የሚገድል መድኃኒት ግን ያን ጊዜም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ካልተወጋ ይጣላል። መኪና በማይገባበት አገር ይህን ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ የማጂን መንገድ የሚያውቅ ይረዳዋል። የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ያላት ቱም ለማጂ በር የሆነችውም ለዚህ ነው፤ ከሜዳው ወዲያ ያለው ሁሉ ገደልና ዳገት ነው።

ከክትባት ጋር የሚነሣ አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለሕፃናት ሲባል መነገር ያለበት ነው። ፈረንሳዮች በምዕራብ አፍሪካ በስፋት የተጠቀሙት ሌላ ዓይነት ክትባት ነበር፤ በቆዳ ላይ በመጫር ይሰጣል፤ በትልልቆች ላይ ብዙም ችግር ሳያመጣ አንዳንድ ልጆችን ግን በአንጎል ብግነት ይጎዳል። ስለዚህ ከ10 ዓመት በታች ላሉ ልጆች መስጠቱ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በሴኔጋል በዲዩርቤል አካባቢ ቢጫ ወባ ተነሣ። ከታመሙት አብዛኞቹ እነዚያው ያልተከተቡት፣ ከ10 ዓመት በታች ያሉት ነበሩ። ሌላ አማራጭ በማጣት ያንኑ ክትባት ለልጆች በችኮላ ሲሰጡ ደግሞ ከ200 በላይ ልጆች አንጎላቸው ታመመ፤ ከ20 በላይም ሞቱ። በዚያች አንዲት ዓመት የሴኔጋል ልጆች በሁለቱም በኩል ተቀጡ፤ መጀመሪያ ባለመከተብ፣ ቀጥሎ በመከተብ። ከዚያ ወዲህ ሕፃናት የሚከተቡት በ17ዲ ብቻ ነው፤ ያውም ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ የሚመረጠው ዕድሜ 9 ወር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቢጫ ወባ በኢትዮጵያ እንደገና ታየ፤ በዚህ ጊዜ በአርባ ምንጭ፣ በአባያ ሐይቅ አካባቢ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሴሪዬ ቡድን ጥናቶች በተከታታይ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታተሙ። የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። ስለ በሽታው ምልክት፣ ስለ ሰው ደም፣ ስለ ዱር እንስሳ፣ ስለ ትንኝ፣ ስለ ቫይረሱ መለየት አንድ በአንድ ይተነትናሉ። ደሙን የሰጠው ገበሬና ልጆቹ ምን እንደተገኘ በሚሰሙት ቋንቋ አልደረሳቸውም፤ ከዚያ በኋላ የተማረው የጤና ሠራተኛም ብዙው አላነበበውም። ይህን ስጽፍ የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ወረርሽኙ የእኛ፣ ሙታኑ የእኛ፣ እንሰቱ የእኛ ሆኖ፣ እውቀቱ ግን ከእኛ ርቆ ተቀመጠ።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። አብዮቱ፣ ጦርነቱ፣ ረሃቡ መጣ። በ1972 ዓ.ም. መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ ገቡበት፤ ቢጫ ወባ አልገባም። አገሩም ተለወጠ። በበበቃና በቴፒ ትልልቅ የቡና እርሻዎች ተከፈቱ፤ ከሰሜን ሰፋሪ መጣ፤ በቡና ለቀማ ወራት የቀን ሠራተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ ብዙውም ከነልጆቹ ነው። እነዚህ ሰዎች ቫይረሱን የማያውቅ ደም ይዘው ወደ ጉሬዛው ደን ገቡ። ያም ሆኖ ለ46 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ አልተመዘገበም። አልተመዘገበም ማለት አልነበረም ማለት እንዳልሆነ የኢንቴቤ ሰዎች ካርታ አስተምሯል።

በኅዳር 2005 ዓ.ም. ግን ከኦሞ ወዲያ ማዶ፣ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ ተመለሰ። መጀመሪያ ወባም ሌላም ሲባል ወራት አለፉ። ደሙ ሴኔጋል፣ ዳካር ወዳለው ፓስተር ኢንስቲትዩት ተልኮ ነው ቢጫ ወባ መሆኑ የተረጋገጠው። ከዚያ 50 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ላይ ቫይረሱን ከትንኝ የለየ ቤተ ሙከራ የነበራት አገር፣ በዚህ ጊዜ ማረጋገጫውን ከአህጉሩ ሌላኛ ጫፍ ጠበቀች። እስከ ጥቅምት 2006 ድረስ ከ160 በላይ ሰዎች ታመው ከ60 በላይ ሞቱ። በሰኔ 2005 ከ527 ሺሕ በላይ ሰው ለመከተብ ዘመቻ ተጀመረ።

ከዚያ ወረርሽኝ በኋላ ባለሙያዎቹ ወደ ድሮው ዘዴ ተመለሱ፤ ወደ ደም ቆጠራ። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከተለያዩ የአገሪቱ ሥነ ምኅዳሮች ከ1,600 በላይ ሰዎችን ደም መረመሩ። መከላከያ የተገኘባቸው ከመቶ አንድ እንኳን አልሞሉም። በአንድ በኩል ደስ ይላል፤ ቫይረሱ በስፋት እየዞረ አይደለም። በሌላ በኩል ያስፈራል፤ ቫይረሱ ቢመጣ የሚያቆመው የለም፤ አገሩ በ1953 እንደነበረው ነው።

ይህ ስጋት የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአንጎላ የተነሣው ቢጫ ወባ ወደ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ሲሻገር የዓለም የክትባት ክምችት አነሰ። በኪንሻሳ አንዱን መጠን ለአምስት እያካፈሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚሊዮኖችን ከተቡ፤ ሙሉውን መጠን እንዲያገኙ የተደረጉት ከ2 ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ነበሩ፤ የትንሽ ልጅ ሰውነት በተከፈለው መጠን በቂ መከላከያ ማፍራቱ ገና አልተረጋገጠምና። በማግስቱ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የክትባት ጥምረቱ ጋቪ የቢጫ ወባ ወረርሽኝን እስከ እ.ኤ.አ. 2026 ለማጥፋት ያወጡት ዕቅድ ኢትዮጵያን ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ አስቀመጣት። በሽታውም በ2010 ዓ.ም. መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ በወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ በ2012 ደግሞ ኮሮና አገር ባስጨነቀበት ሰሞን በጉራጌ ዞን እነሞርና ኤነር አካባቢ ተነሣ። ሁለቱም የእንሰት አገር ናቸው። እስከዚያ ዓመት ድረስ የቢጫ ወባ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አልነበረም፤ ክትባቱ የሚሰጠው ሰው መሞት ከጀመረ በኋላ ነበር።

ኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቱምና ማጂ የሚገኙበት የምዕራብ ኦሞ ዞንም በሥሩ ሆነ። ሚዛን ላይ ዛሬ ዩኒቨርሲቲና የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። መመሪያው ቀላል ነው፦ ትኩሳት ይዞት በ14 ቀን ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁሉ ደሙ ተወስዶ፣ በቅዝቃዜ ተይዞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። አስቸጋሪው ነገር ይህንን ከወባው መሐል ለይቶ ማየት ነው፤ በቡና ለቀማ ወራት ጤና ጣቢያ በር ላይ ከሚሰለፉት መካከል ትኩሳት የሌለበት ጥቂት ነው። የደም ናሙናውን ለመያዝ በረዶ ያስፈልጋል፣ በረዶውን ለማድረስ መንገድ፣ መንገዱ ደግሞ በክረምት ይቆረጣል።

በ1953 ያን ወረርሽኝ አይተው የዳኑ የኦሞ ዳርቻ ሰዎች ዛሬ በሕይወት ካሉ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ መከላከያውም በደማቸው ይኖራል። የልጅ ልጆቻቸው ግን ካልተከተቡ የላቸውም። እነዚህ ሕፃናት በ9ኛ ወራቸው ለኩፍኝ ክትባት ወደ ጤና ኬላ ይመጣሉ። ለቢጫ ወባም የሚመከረው ዕድሜ ያው 9ኛ ወር ነውና፣ እናት በዚያች ቀን የያዘችው ቀጠሮ ለሁለቱም ይበቃል። በኦሞ ዳርቻ ለሚወለድ ልጅ ሁለቱም በአንድ ቀጠሮ፣ በአንድ ጤና ኬላ፣ በመደበኛነት ሊሰጡት ይገባል።